የቀርከሃ ዱቄት

ዱቄቷን ልብ ያለቻት ጠርጋ፣ በማፈሻ አፍሳ፣ ደጅ አውጥታ ቦዩ ውስጥ ከደፋቻት በኋላ ነው። ደፍታም አልቀረች፤ አንድ ባልዲ ውሃ ቸልሳባታለች። ባዶ ማፈሻዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመችና፣ ከቆሻሻው ክምር አናት ላይ ጉብ ብላ የነበረችውን ያቺን ቁንጥር ቢጫ ነገር በዓይነ ኅሊናዋ መልሳ አየቻት። እንደ አቧራ ግራጫ አልነበረችም። እንደ ሰጋቱራ ሸካራም አልነበረችም። ልም፣ ደቃቅ፣ በወንፊት ያለፈች ትመስል ነበር።

«እኔ ዱቄት የማስቀምጠው ወጥ ቤት ነው» አለች ለራሷ። «ታዲያ ሳሎን ዱቄት ምን ይሠራል?»

ጠይቃ ሳትጨርስ መልሱ መጣባት።

ነቀዝ።

ቤቱ ከእግሩ እስከ ራሱ ቀርከሃ ነው። ከመሠረቱ ድንጋይና ከጣሪያው ቆርቆሮ በቀር ሌላ የለውም፤ ምሰሶው ቀርከሃ፣ ደረጃው ቀርከሃ፣ የፎቁ ወለል ቀርከሃ፣ ግድግዳው ደግሞ ተሰንጥቆ የተጠለፈ ቀርከሃ፣ ላዩ በጭቃና በኖራ የተለሰነ። የሠራው ወንድ ልጇ ነው። አናጢ ነው፤ ያውም የቀርከሃ አናጢ። «ዛፍ ከቆረጥሽ ሌላው እስኪያድግ የልጅ ልጅ ታያለሽ» ይላታል። «ቀርከሃ ግን ሥሩ አይሞትም። የበሰለውን ስትወስጂለት ታናሹ ከሥር ይነሳል። እንዳንቺ ስጋት ነው፣ ተቆርጦ አያልቅም።»

እሷ በቀርከሃው የተስማማችው ስለ ዛፉ አዝና አልነበረም። አምና መሬት ሲንቀጠቀጥ የቀድሞ ቤታቸው የብሎኬት ግድግዳ ሁልጊዜ የምትተኛበት አልጋ ላይ ተዘርግፎ ነበር። እሷ በዚያች ሰዓት ደጅ ልብስ ስታሰጣ ነው የተረፈችው። ከዚያ ወዲህ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነባት፤ ጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ከወንበሯ ትነሳለች። ልጇም «ቀርከሃ ይወዛወዛል እንጂ አይሰበርም፤ ቀላል ነው፣ ቢወድቅም እንደ ብሎኬት አይጨፈልቅም» ሲላት፣ «ቢወድቅም» የምትለውን ቃል ብቻ ሰምታ ሌሊቱን ሙሉ ስታሰላስላት አድራለች። ልጇ ስም ያወጣላት ያኔ ነው፤ «ትንበያ» ይላታል። የአየር ትንበያ ማለቱ ነው። «ልዩነቱ» ይላል ለሰው ሲያስተዋውቃት፣ «የእናቴ ሁልጊዜ ዝናብ ነው።»

ግን እሱ ራሱ ነው ስለ ነቀዝ የነገራት። ቀርከሃ ሆዱ ጣፋጭ ነው፣ ለነቀዝ ከረሜላ ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ግንድ፣ በየአንጓው ውስጥ ያለውን ሽፋን፣ በረጅም ብረት ከዳር እስከ ዳር ይበሳዋል። ከዚያ መድኃኒት የተበጠበጠበት ገንዳ ውስጥ ይነክረዋል፤ መድኃኒቱ በተበሳው በኩል ሆዱ ድረስ ይገባል። ከዚያ ጥላ ሥር ያደርቀዋል። «መራራ ሆነበት ማለት ነው፤ ነቀዙ ቀምሶ ይሄዳል» አላት። «ደግሞ ምናልባት፣ ምናልባት ነው የምልሽ፣ አንድ ቀን ወለሉ ላይ ቢጫ ዱቄት ካየሽ እንዳትነኪው። እኔን ጥሪኝ። ዱቄቱ ያለበት ቦታ ይናገራል፤ ከበላዩ ያለው ነው የታመመው።»

እንዳትነኪው ነው ያላት። እሷ ግን ከደረጃው ሥር ጀምራ፣ ስድስቱን ምሰሶዎች እየዞረች፣ ሳሎኑን በሙሉ ወደ በሩ አንድ ላይ ጠርጋ፣ ቦይ ውስጥ ደፍታ፣ ውሃ ቸልሳበታለች።

ይህ ሁሉ ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው። ዛሬ ግን ሴት ልጇ ከሆስፒታል ትወጣለች። የመጀመሪያ ልጇን ይዛ፣ ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነና ስለሌለ፣ እዚህ ፎቅ ላይ ልትታረስ ነው። አልጋው ተነጥፏል፤ የሕፃኑ ማስተኛ ቅርጫት ከመስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ፎቁም በስድስቱ ምሰሶዎች ላይ ነው። ከስድስቱ አንዱ ታሟል። የትኛው እንደሆነ ደግሞ ቦዩ ብቻ ነው የሚያውቀው።

የፈሩት ይደርሳል አለች በልቧ።

ወጥ ቤት ገብታ ማማሰያ አመጣች። ልጇ ቀርከሃ ሲገዛ በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ሲያዳምጥ አይታዋለች፤ ጤነኛው እንደ ደወል ይጮኻል፣ የተበላው እንደታፈነ ሰው ያጉረመርማል ይላል። የመጀመሪያውን ምሰሶ መታችው። ቅልል ያለ ድምፅ ሰጣት። ሁለተኛውን መታችው። እሱም ያው። ወይስ ትንሽ ወፈር አለ? ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። አሁን የመጀመሪያው ወፈር አለባት። ሦስተኛውን ስትመታ ሁሉም የታፈነ ሰው መሰሏት።

«ጎረቤት! ቤቱ ምን በድሎሽ ነው የምትደበድቢው?»

በተከፈተው መስኮት ከአጥሩ በላይ አንገቱን ያሰገገው ባለብሎኬቱ ነው። ከአጥሩ ማዶ ብሎኬት እያመረተ ይሸጣል፤ ከሲሚንቶው የተነሳ ቅንድቡ ከዕድሜው ቀድሞ ሸብቷል። ይህ ቤት መሠራት ከጀመረ ጀምሮ «ቅርጫቱ» እያለ ነው የሚጠራው።

«አቧራ እያራገፍኩ ነው» አለችው።

«በማማሰያ?»

«ማራገፊያው ጠፍቶብኝ ነዋ።»

«እኔ እኮ ቤቴን በመዶሻ ነው የማራግፈው። ብሎኬት ነዋ! ያንቺን ግን ቀስ በይው። ቅርጫት ሲመቱት እንቁላሉ ይወድቃል።»

እንቁላሉ ሲል ሕፃኑ ታያት። 

«ያንተ ብሎኬት አምና ምን እንዳደረገኝ ረሳኸው?»

«እሱ የመሬቱ ጥፋት ነው፤ የብሎኬቱ አይደለም።» ከአጥሩ በላይ ያለው ጭንቅላት ሊጠፋ ብሎ ተመለሰ። «ለማንኛውም ቢነቅዝ እኔ አለሁ። ለጎረቤት ዋጋ እቀንሳለሁ።»

ቢነቅዝ! ሰውዬው ዱቄቱን አይቷል እንዴ? ወይስ አፉ አመጣው? መስኮቱን ዘጋችና ስልኳን አነሳች።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ?» አለ ልጇ።

«ደህና ነኝ። ለምን ጠየቅኸኝ? ደህና ያልሆንኩ እመስላለሁ?»

«አንቺ ነሽ እኮ የደወልሽው።»

«እህትህ እንዴት ናት? አንድ ቀን እዚያው ብትቆይስ? ሐኪሞቹም ቢያይዋት፣ ለጥንቃቄ…»

«አልጋዋን ለሌላ ሰጥተውታል። ታክሲ ውስጥ ነን፤ ደርሰናል በይን።» ከጀርባው የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ተዘጋ።

እንደተባለውም ብዙ አልቆዩም። አራሷ ከታክሲው ስትወርድ ፊቷ ገርጥቶ፣ ሕፃኑን በሁለት እጇ እንደ ሙሉ ሳህን ወጥ ይዛ ነበር። እናት ሮጣ ሳመቻት፣ ሕፃኑን ገለጥ አድርጋ አየችው፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች፣ ከዚያ በሩ ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆመች።

«ምነው እማዬ፣ አሳልፊኝ እንጂ።»

«ፎቁን ወልውዬዋለሁ። አልደረቀም፤ ያንሸራትታል።»

«ሳሎን እቀመጣለኋ።»

«ሳሎኑንም!» አለች ጮክ ብላ። ፎቁ ላይ ሆኖ መውደቅ መጥፎ ነው፤ ፎቁ ሲወድቅ ከሥሩ መሆን ግን የባሰ ነው። «ትንሽ ንፋስ ውሰጂ። ለአራስ ንፋስ ጥሩ ነው።»

«ትናንት በስልክ ንፋስ አራስ ይገድላል ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«ያ ሌላ ንፋስ ነው።»

ግቢው ጥግ ላይ ልጇ ቀርከሃ የሚያደርቅበት ዳስ አለ፤ በአራት እግር የቆመ ቆርቆሮ። አራሷን እዚያ ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ሰማዩ ጠቁሯል። ወንድ ልጇ ሻንጣውን አስቀምጦ እናቱን ከላይ እስከ ታች አያት።

«እሺ ትንበያ፣ ዛሬስ ምንድነው? ጎርፍ? አንበጣ?»

ክንዱን ይዛ ወደ ገንዳው ጎተተችውና በጆሮው ነገረችው። ሳቁ እንደ መብራት ጥፍት አለ። የሚቀልድ ልጅ ቀልዱ ሲያልቅበት ከማየት የከፋ ነገር የለም፤ ቢስቅባት ትመርጥ ነበር።

«የት ጋ ነበር?»

«ጠረግኩት።»

«እሱማ ገባኝ፤ ስትጠርጊው የት ጋ ነበር?»

«ሁሉም ጋ ነዋ! ከደረጃው ጀምሬ ሁሉንም አንድ ላይ…»

«እማዬ፣ እንዳትነኪው ብዬሽ አልነበር?»

«ብለኸኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ የኔማ ጭራሽ አያውቀኝም።»

አልሳቀም። ገብቶ የስልኩን መብራት አብርቶ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ፣ ከድንጋዩ እግራቸው እስከ ፎቁ ተሸካሚ፣ የታሰሩበትን ገመድ ሳይቀር ፈተሸ። መርፌ የምታህል ቀዳዳ ነው የሚፈልገው። አላገኘም። አለማግኘቱ አላስደሰተውም። «ማሰሪያው ሥር ከሆነ አይታይም» አለ። «ጥቁር ጨርቅ አምጪ። ከሥራቸው እናንጥፍ፤ ቢጫ ዱቄት ጥቁር ላይ ወዲያው ይታያል።»

ጥቁር ጨርቅ ለስድስት ምሰሶ የሚበቃ ማን ያስቀምጣል? የእሷ ጉርድ ቀሚስ፣ የልጇ ሱሪ፣ የአራሷ የድሮ ካፖርት፣ ሻርፕ፣ የወንበር ልብስ። ስድስተኛው ጎደለና ጃንጥላ ዘረጋችለት። ሳሎኑ የልብስ ገበያ መሰለ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ቆሙ፤ አንድም ነገር አልወደቀም።

«ምናልባት ተኝቶ ይሆናል» አለች በሹክሹክታ።

«ነቀዝ እኮ ነው፣ እማዬ፤ አይሰማሽም።»

ዝናቡ ጀመረ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ ከጎን እየገረፈ። ዳሱ ግድግዳ የለውም። አራሷ ሕፃኑን በደረቷ ደብቃ በሩ ላይ መጣች፤ ፀጉሯ ርሷል፣ ዓይኗም።

«ወይ ምን እንደሆነ ንገሩኝ» አለች፣ «ወይ ታክሲ ጥሩልኝና ወደ ኪራይ ቤቴ ልሂድ። ብቻዬንም ቢሆን በሩን የሚከለክለኝ የለም።»

ብቻዋን፣ በዚያች አንዲት ክፍል፣ በደንብ ቆማ መሄድ ሳትችል፣ ሌሊት ትኩሳት ቢይዛት፣ ሕፃኑ ትን ቢለው። እናት ከዚህ በላይ መተንበይ አልቻለችም። «ነቀዝ ገብቷል» አለች። «የትኛው ምሰሶ እንደሆነ አጠፋሁት።»

አራሷ ወንድሟን አየችው። «ይወድቃል?»

«ነቀዝ በአንድ ሌሊት ቤት አይጥልም» አለ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ። «ግን ከመቼ ጀምሮ እየበላ እንደሆነ አላውቅም። የትኛውን እንደሆነም አላውቅም። እኔ የሠራሁት ቤት ነው፤ ሳላውቅ ግን ልጅሽን እዚያ ላይ አስተኚ አልልሽም።»

 ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እናት ለሁሉም ነገር እጇ ሥራ ይፈልጋልና ጥግ ላይ የቆመውን መጥረጊያ አነሳች። ያነሳችው ሳታስበው ነው። ልትጠርግ ዘንበል ስትል ግን እጇ ቆመ።

«አናቱ ላይ ነበር» አለች።

«ምኑ?»

«ዱቄቱ! ክምሩ አናት ላይ ነው ያየሁት።» መጥረጊያውን ወደ ደረጃው አመለከተች። «ስጠርግ የጀመርኩት ከዚያ ነው። መጀመሪያ የተጠረገው ከሥር ይሆናል፤ የምሰሶዎቹ ቢሆን ኖሮ ከሌላው ተደባልቆ ይቀበር ነበር። አናቱ ላይ የሚሆነው መጨረሻ የጠረግኩት ነው።»

«መጨረሻ የት ነው የጠረግሽው?»

«ከበሩ ኋላ።»

«ከበሩ ኋላ ምሰሶ የለም እኮ» አለ ልጇ፤ እንዲህ እያለ ግን እየሄደ ነበር። ክፍቱን በር ወደራሱ ሳበው። ከበሩ ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ማታ ማታ በሩ የሚዘጋበት መቀርቀሪያ ቆሟል። ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ከአንድ ቁራጭ ቀርከሃ የተሠራ። ከሥሩ፣ ካሁኑ፣ እንደ ጨው የተነሰነሰች ቢጫ ነገር ነበረች።

አንስቶ መዳፉ ላይ መታው። ዱቄት እንደ አሸዋ ፈሰሰ።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እናት ያለቀሰ መሰላት፤ ትከሻውን ያንቀጠቀጠው ግን ሳቅ ነበር።

«የመወጣጫው ቀርከሃ ነው» አለ። «ቤቱ ሲሠራ ሠራተኞቹ የቆሙበት። መወጣጫ ሥራው ሲያልቅ የሚፈርስ ስለሆነ አንጓውን አንበሳም፣ መድኃኒት ውስጥም አንነክረውም። ደግሞ ለሠራተኞቼ ሕግ አውጥቼላቸዋለሁ፤ የመወጣጫ ቀርከሃ ደፍ አያልፍም ብዬ።»

«ታዲያ ማን አሳለፈው?» አለች አራሷ።

ወደ እናቱ ዞሮ አያት። እሷም ያቺን ማታ አስታወሰች። ወደ ቤቱ የገቡ ዕለት፣ በሩ ገና መቀርቀሪያ ሳይኖረው፣ ያለ መቀርቀሪያ አልተኛም ብላ በሩ ሥር ወንበር ደግፋ ቁጭ አለች። ሌባ ይመጣል፣ ጅብ ይመጣል፣ ያበደ ሰው ይመጣል። ልጇ ከድካም የተነሳ ዓይኑ እየተከደነ ወጥቶ፣ ከፈረሰው መወጣጫ አንድ ቁራጭ በመጋዝ ቆርጦ፣ በሩ ላይ አጋድሞ፣ «ይኸው! አሁን ተኚ!» ብሏት ነበር።

«አፌን ለመዝጋት ብለህ ነዋ» አለች።

«አፍሽን ለመዝጋት።»

«ለሌባ ብዬ ነቀዝ አስገባሁ።»

«ሌባ ይሻል ነበር» አለች አራሷ። «ቢያንስ ዱቄት አይጥልም።»

ልጇ መሰንጠቂያውን ሊፈልግ ወጣ። እናት ግን ያንን ነገር አንድ ደቂቃ ቤቷ ውስጥ ልታየው አልቻለችም። ሳይቃጠል በቅጠል እያለች ወደ ዳሱ ይዛው ሮጠች፤ ገንዳ የሚያሞቁበት ምድጃ ላይ ፍልጥና ጋዝ አድርጋ ለኮሰችና መቀርቀሪያውን እንዳለ ጨመረችው። እሳቱ ላሰው። ልጇ ከዳሱ ማዶ አያትና «እማዬ፣ ሳይሰነጠቅ…!» ሲል፣

ጧ!

ፍሙ ተበተነ። እሷ ገንዳው ሥር ተቀመጠች፤ እንዴት እንደተቀመጠች አታውቅም። ቤት ውስጥ ሕፃኑ ጮኸ። ባለብሎኬቱ ጭንቅላት አጥሩ ላይ ብቅ አለ፤ አንዱ ቅንድብ ከሌላው በላይ ነበር።

«ጥይት ነው? ማን ተመታ?»

«ማንም አልተመታም» አለ ልጇ እናቱን እያነሳት። «አንጓው ያልተበሳ ቀርከሃ እሳት ውስጥ ይፈነዳል። ሆዱ ውስጥ የታፈነው አየር መውጫ ያጣል።»

«ቅርጫቱን ማቃጠል ጀመራችሁ እንዴ?»

«መቀርቀሪያውን ብቻ ነው።»

«ቤት ትቶ መቀርቀሪያ ማቃጠል!» አለ ባለብሎኬቱ። ቅንድቡን ጠረገ። ከዚያ በጭንቀት ሳይሆን በጉጉት፣ «ሕፃኑ መጣ እንዴ? ለቅሶው ጥሩ ነው፤ ጉሮሮ አለው» ብሎ ጠፋ።

 ከዚያ ልጇን ጠየቀችው፤ ሳትጠይቅ መተኛት እንደማትችል ያውቃል። «ከመቀርቀሪያው ወጥቶ ምሰሶዎቹ ውስጥ አልገባም?»

«ምሰሶዎቹን በእጄ ነው የበሳኋቸው። በእጄ ነው የነከርኳቸው።»

«እርግጠኛ ነህ ወይ ነው የምልህ።»

ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ ተወው። «ክንፍ ያለው ነገር ነው፤ ስለ ክንፍ ማን እርግጠኛ ይሆናል? መድኃኒቱ ያስጥለዋል፣ አምናለሁ። ጨርቆቹ ግን ይቆዩ። ጠዋት ሳትጠርጊ አብረን እናያለን።»

አትስጊ ቢላት ኖሮ ትሰጋ ነበር። ጨርቆቹ ይቆዩ ሲላት ግን ነፍሷ መለስ አለች፤ ሁሉም አልነበረም፣ አንድ ቁና ያህል።

አራሷን ደግፋ ወደ ፎቁ አወጣቻት። ወለሉ ከእግራቸው ሥር ትንሽ እጥፍ ዘርጋ አለ፤ እናት ቆመች፣ አራሷ ግን «እንደ አልጋ ነው» ብላ ሄደች። ሕፃኑን ቅርጫቱ ውስጥ አስተኙት። አፉን ከፍቶ ተኛ። እናት ትንፋሹን ቁጭ ብላ አዳመጠች፣ ከዚያ የቅርጫቱን እጀታ በጣቷ አንጓ ቀስ አድርጋ አንኳኳችው።

«እማዬ!»

«እሺ፣ እሺ። ወረድኩ።»

ስትወርድ ልጇ መብራቱን ሊያጠፋ ነበር። በሩ ተገጥሟል፤ ሁለቱ የመቀርቀሪያ ማንጠልጠያዎች ግን ባዶ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። እሷ ወደ በሩ አየች። እሱ ወደ እሷ አየ።

«እንዳትጀምሪ» አለ።

«እኔ ምን አልኩ?»

«ወንበር ልትደግፊ ነው።»

«ፎቅ ላይ አራስና ጨቅላ ይዤ ክፍት ቤት እደሪ ነው የምትለኝ?»

እንደዚያች ማታ ዓይኑ ከድካም ተከደነ። እንደዚያች ማታም ወጣ። ወደ ዳሱ ሲሄድ ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ የሚያመጣውን ስታይ ዘጋችው። አንጓ የሚበሳበት ረጅሙ ብረት ነበር።

«ይሄንን የሚበላ ነቀዝ ካለ» አለ፣ «ቤቱን በሙሉ አስረክቤው እሄዳለሁ። ጠዋት ሥራ አለኝ፤ ትመልሺልኛለሽ።»

«ዝገት ይበላዋል እንጂ…» ልትል ጀምራ ተወችው።

ብረቱ ከበሩ በጣም ይረዝማል፤ ጫፉ ግድግዳውን ተከትሎ እስከ ጃንጥላው ደረሰ። ቀዝቃዛና ከባድ ነበር። አንዱን ጫፍ በመጀመሪያው ማንጠልጠያ አስገባች፣ ሌላውን አንስታ በሁለተኛው ላይ ቀስ አድርጋ፣ ሕፃኑ እንዳይነቃ ሌላ እጇን ከሥሩ አድርጋ፣ አሳረፈችው። በሩን በትከሻዋ ገፋችው። አልተነቃነቀም። አንዴ ደግማ ገፋችውና ቀና ብላ ወደ ፎቁ አዳመጠች፤ ከዚያ መብራቱን አጠፋች።